ድሮና ዘንድሮ፦ «አንበሳው የት ሄደ?» እና ሌሎች የፎቶ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም የለገሃርን የድሮ ፎቶ ከዛሬው ጎን አትመን «እናንተም ጥያቄ ካላችሁ ላኩ» ብለን ነበር። ላካችሁ አይደል፣ ኢንቦክሱ ሞላ። ግማሹ ጥያቄ ሳይሆን ስድብ ነው፣ ድሮን የሚያወድሰው ዘንድሮን የሚያወድሰውን ይሳደባል፣ ያኛውም መልሶ ይሳደባል፣ እሱን ትቼ መልስ ያላቸውን መርጫለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ እዚህ ዓምድ ላይ የምጽፈው ዓመት በሙሉ በኛ አቆጣጠር ነው፣ የፈረንጅ ሲሆን «በፈረንጅ» እላለሁ። ለምን እንደምጨነቅበት ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይገባችኋል።

አንበሳውን መቼ ነው የቀየሩት?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? የቤታችን አልበም ውስጥ አባቴ በወጣትነቱ አንበሳ ሐውልት ስር የተነሳው ፎቶ አለ። ከድንጋይ የተጠረበ ትልቅ አንበሳ ነው፣ ከፎቶው ጀርባ «ከለገሃር ስንመለስ» ተብሎ ተጽፏል። ባለፈው ቅዳሜ እዛው ቦታ ላይ እኔም ልነሳ ብዬ ለገሃር ብሄድ አንበሳው ሌላ ነው! ዘውድ የደፋ፣ ወርቅማ፣ የሚራመድ አንበሳ። አባቴ በሕይወት ስለሌለ የምጠይቀው ሰው የለኝም። መቼ ነው የቀየሩት? (ከሰሚት)

መልስ፦ አልቀየሩትም ወንድሜ፣ አንተ ነህ ቦታ የተሳሳትከው፣ አትዘን ግን፣ በዚህ ጉዳይ ያልተሳሳተ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ሁለት አንበሳ ነው ያለን። ለገሃር ያለው ወርቅማው በ1923 ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል ሰሞን የቆመው ነው፣ ጣሊያን ሮም ወስዶት ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሰልን፣ የዘርዓይ ደረስ ስም ሲነሳ አብሮ የሚነሳው አንበሳ ማለት ነው። ያንተ አባት ስሩ የቆሙት ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የድንጋዩ ነው፣ ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራጭ የሠራው፣ ቴአትር ቤቱ በ1948 ለንግሥናው 25ኛ ዓመት ሲመረቅ የቆመ።

አባትህ የጻፉት'ኮ «ለገሃር» ሳይሆን «ከለገሃር ስንመለስ» ነው፣ ጽሑፉን አንተው ራስህ ገልብጠህ ልከህልኛል። ሰውየው ባቡር ሸኝተው ይሁን ተቀብለው ሲመለሱ በእግራቸው ወደ ላይ ወጥተው ቴአትር ቤቱ ጋ ሲደርሱ ነው ፎቶ አንሺው ያገኛቸው። ከለገሃር ተነስተህ ያችኑ መንገድ በእግርህ ሂዳት፣ ሩቅ አይደለም። አንድ ነገር ልንገርህ፣ የአንበሳው ድንጋይ ስላልተነካ ጥላው የት ላይ እንዳረፈ ከአባትህ ፎቶ አይተህ ሰዓቱን መገመት ትችላለህ፣ በዛው ሰዓት ብትሄድ ፎቶህ ይበልጥ ይመሳሰልልሃል።

1935 ማለት 1935 ነው?

ጥያቄ፦ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ያደግኩት ፒያሳ ነው። ቴሌግራም ላይ «አራዳ ጊዮርጊስ 1935» የሚል ፎቶ ተለቆ ከጓደኛዬ ጋር ተጣላን። እሱ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው ይላል። እኔ ግን የምኒልክ ሐውልት ጎን ቁምጣ የለበሱ ነጭ ወታደሮች አያለሁ። ማናችን ነን ልክ? እራት አስይዘናል።

መልስ፦ እራቱን አንተ ትበላለህ መሰለኝ። ግን ጓደኛህም ጅል አይደለም፣ የወደቀበት ጉድጓድ ሁላችንም የምንወድቅበት ነው።

1935 በፈረንጅ ከሆነ በኛ 1927 ወይ 1928 መጀመሪያ ነው፣ ጣሊያን ገና አዲስ አበባ አልገባም፣ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። 1935 በኛ ከሆነ ደግሞ ጣሊያን ከወጣ፣ ጃንሆይም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ከተመለሱ በኋላ ነው፣ ከተማው ውስጥ እንግሊዞች የሚርመሰመሱበት ጊዜ። በመሃሉ የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት አለ፣ ያቺ ልዩነት ውስጥ ነው ደግሞ አንድ ሙሉ የወረራ ዘመን የሚያልቀው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ይዞ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም፣ ፎቶው ውስጥ ያለውን ነው ማየት።

ሐውልቱ ብቻውን አይፈርድላችሁም። የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በ1923 ከዘውድ በዓሉ ዋዜማ ነው፣ ጣሊያን እንደገባ ነቀለው፣ ጣሊያን ሲወጣ ተመለሰ። እና ሐውልቱ ያለበት የአራዳ ፎቶ በሁለቱም 1935 ሊሆን ይችላል። ሐውልቱ የሌለበት ቢሆን ኖሮ ደስ ይል ነበር፣ ወይ ከ1923 በፊት ነው ወይ በወረራው ዘመን ነው ብለህ ትገላገላለህ። የሚፈርድልህ ቁምጣው ነው። አጉላና ወታደሮቹን እይ፣ የመኪናቸውንም ታርጋ እይ። እንግሊዝ መሆናቸውን ካረጋገጥክ በኛው አቆጣጠር 1935 ነው፣ ጉዳዩ አለቀ። እንዳውም ከሰዎቹ አልፈህ ቤተ ክርስቲያኑን አጥናው፣ ጊዮርጊስን ጣሊያኖች በ1929 አቃጥለውት ነበር፣ ከነጻነት በኋላ ነው የታደሰው፣ ጣሪያው ላይ የምታየው ልዩነት ካለ ያግዝሃል።

በዚሁ አጋጣሚ ሁሌ የሚያስቀኝን ልንገራችሁ፣ የሌኒን ሐውልት። የቆመው በፈረንጅ 1983 ነው፣ የወደቀው በኛ 1983 ግንቦት ላይ ነው። አንዱ «ሌኒን 1983» ብሎ ሐውልቱ ቀጥ ብሎ የቆመበትን ይለጥፋል፣ ሌላው «ሌኒን 1983» ብሎ መሬት ላይ የተዘረረበትን ይለጥፋል፣ ኮመንት ላይ ሁለቱ ውሸታም ሲባባሉ ይውላሉ፣ ሁለቱም ግን እውነት ነው የሚናገሩት። ስለዚህ እባካችሁ ፎቶ ስትለጥፉ «ዓ.ም.» ወይም «በፈረንጅ» በሉ፣ ሁለት ቃል ናት።

ፎቶው ተገልብጦ ነው?

ጥያቄ፦ የአባቴ ጓደኛ የሰጡኝ የቸርችል ጎዳና ፎቶ ላይ መኪኖቹ በሙሉ በግራ ነው የሚሄዱት። ስቱዲዮው ሲያጥብ ገልብጦት ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አልተገለበጠም። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና ወደ ቀኝ የዞረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ነው፣ ከዛ በፊት በግራ ነበር የሚነዳው። ስለዚህ ስቱዲዮውን ከመውቀስህ በፊት ደስ ይበልህ፣ ፎቶህ ከ1956 በፊት መሆኑን በነጻ አገኘህ። የእውነት ተገልብጦ ከሆነ ግን ፊደሉ ይነግርሃል፣ ሱቅ ላይ ያለውን ታፔላ አጉልተህ አንብብ፣ «ቡና ቤት» የሚለው በግልባጭ ከሆነ መስታወት ፊት አድርገህ እየው፣ ያኔ ፎቶው ነው የተገለበጠው። ታፔላ ከሌለ የሰዎቹን ኮት እይ፣ የወንድ ኮት የሚቆለፈው የለባሹ ግራ ጎን በቀኙ ላይ ተደርቦ ነው።

የኔ ፎቶ ለምን አይገጥምም?

ጥያቄ፦ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ለክላስ ፕሮጀክት የድሮ ፎቶ ይዤ እዛው ቦታ ላይ ቆሜ እንደገና አነሳለሁ፣ ግን ቢቀር ቢቀር አንድ ነገር ይጣመማል። ቤቱ ገጥሞ ተራራው ይርቃል፣ ተራራው ገጥሞ ቤቱ ይሸሻል። ሦስት ቅዳሜ አባከንኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ረዘም ካለብሽ ታገሺኝ።

ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት የሚያነሳውን ቤት እያየ መቆሙ ነው። ቤቱን አትይው። አንዱ ቅርብ አንዱ ሩቅ የሆነ ሁለት ነገር ፈልጊ፣ ለምሳሌ የመብራት ምሰሶ እና ከሱ ጀርባ ራቅ ያለ የፎቅ መስኮት። በድሮው ፎቶ ምሰሶው መስኮቱን እኩል ከከፈለው ያንቺም ላይ እኩል እስኪከፍለው ተንቀሳቀሺ። ምሰሶው ከመስኮቱ ወደ ቀኝ ካመለጠብሽ አንቺም ወደ ቀኝ ተራመጂ፣ ወደ ግራ ካመለጠ ወደ ግራ። በጣም ቀላል ነው ግን ማንም አይነግርሽም። እንዲህ አይነት ሁለት ጥንድ ካገኘሽ፣ አንዱን ከፎቶው ግራ በኩል ሌላውን ከቀኝ በኩል፣ የቆምሽበት መሬት አንዲት ነጥብ ብቻ ትሆናለች፣ ፎቶ አንሺው እዛች ላይ ነበር የቆመው። ከዛ በኋላ ነው ዙም። ብዙ ሰው በዙም ሊያስተካክል ይሞክራል፣ ዙም ቤት አያንቀሳቅስም፣ የሚቆርጥልሽ ጠርዙን ብቻ ነው። ስልክ ደግሞ ሰፊ ስለሚወስድ እንጦጦን ጉብታ አሳክሎ ያሳይሻል፣ የድሮው ላይ ግን ተራራው ሰማይ ሞልቶ ይታያል፣ ያ ማለት ሰውየው ካሰብሽው በላይ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነው የቆመው፣ ወደ ኋላ ሂጂ።

ደግሞ ከፍታ አለ። እኔ አንድ ጊዜ ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ በ1950ዎቹ የተነሳች ፖስትካርድ ይዤ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜያለሁ። ወዲህ ስል፣ ወዲያ ስል፣ የጣሪያው ጫፍ ከተራራው ጋር አልገናኝ አለኝ። መሃል ላይ የአንድ ሕንጻ ጥበቃ መጥቶ «ፎቶ ክልክል ነው» ብሎ ስልኬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፣ ፖስትካርዷን ሳሳየው «ይሄማ የኛ ሕንጻ ገና ሳይሠራ ነው» ብሎ ሳቀና ተወኝ፣ ግን ፎቶው አሁንም አልገጠመም። ከጎኔ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ ልጅ ነበረ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ብሩሹን ሳያቆም አንድ ጊዜ ፖስትካርዷን ሰረቅ አድርጎ አየና «ጋሼ ይሄ'ኮ መሬት ላይ ተቁሞ አልተነሳም፣ የሰዎቹ አናት ነው የሚታየው» አለኝ። እውነቱን ነው! የእግረኞቹ ባርኔጣ ከላይ ነበር የሚታየው፣ ስንት ጊዜ አይቼው ልብ አላልኩትም። ከጀርባችን ያለው አሮጌ ቤት ሰገነት ላይ አስፈቅጄ ስወጣ በሁለት ደቂቃ ገጠመልኝ። ልጁ ጫማዬን ጠርጎ ከሌላው ሰው የሚቀበለውን ብቻ ነው የተቀበለኝ፣ ጨምሬ ብሰጠው እምቢ አለ፣ ገርሞኝ ነው የቀረሁት። ስለዚህ የሰው አናት ነው ወይስ የሰው ፊት ነው የሚታየው ብለሽ ጀምሪ።

ጥላም ተጠቀሚ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ትቀያየርብናለች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ በእንጦጦ በኩል ሆና ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ በሌላው ወር ጥላው ወደ እንጦጦ ነው። የድሮው ፎቶ የቀትር ከሆነና ጥላው ወደ እንጦጦ ከተዘረጋ የበጋ ፎቶ ነው፣ አንቺ ክረምት ላይ ሄደሽ ቀኑን ሙሉ ብትቆሚ ያንን ጥላ አታገኚውም። ሦስቱ ቅዳሜ የባከነው በየትኛው ወር እንደሆነ አልነገርሽኝም።

የማይንቀሳቀስ ነገር ከጠፋብሽ ደግሞ፣ አሁን ፒያሳም ካዛንቺስም ላይ ይሄ ነው ችግሩ፣ ግራና ቀኙ ተነስቶ ምሰሶውም መስኮቱም የለም፣ ያኔ የሚቀርሽ መሬቱ ራሱ ነው። የተራራው ጠርዝ፣ የጊዮርጊስ ጣሪያ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማማ (እሱ በ1957 አካባቢ ነው የተሠራው፣ ከዛ በፊት በተነሳ ፎቶ ላይ አትፈልጊው)፣ የወንዙ ድልድይ፣ የመንገዱ ቁልቁለት። ቁልቁለት በቀላሉ አይፈርስም። እና ስታነሺ አስፈቅጂ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ኤምባሲ በር ላይ ስልክ አታውጪ፣ ፕሮጀክቱ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ ቃል ስትሰጪ እንዳትውይ።

ቀለም የተቀባው እውነት ነው?

ጥያቄ፦ እኔ ሪያድ ነኝ፣ አንዱ ፔጅ ላይ የምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በቀለም ሲታይ በጣም ነው ያለቀስኩት። ሰማዩ፣ የሰው ነጠላ ጥለቱ ሳይቀር። እውነተኛ ነው?

መልስ፦ ፎቶው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ቀለሙ ግን ግምት ነው የኔ እህት። ማሽኑ ግራጫ ያየበትን ቦታ «ይሄ ቀይ ይሆናል» ብሎ ነው የሚቀባው፣ ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያለቀስሽው እንባ ያንቺ ነው፣ እሱን አልነካም፣ ግን አሁን አሁን ከመቀባትም አልፈው «ጥራት ጨመርንለት» እያሉ የደበዘዘውን ፊት በሌላ ፊት ይተካሉ፣ የታፔላውንም ፊደል ፊደል በሚመስል ጭረት ይሞሉታል። አንድ ዘዴ ልንገርሽ፣ ጽሑፍ ያለበትን ቦታ አጉልተሽ እይው፣ «ዐ» ይሁን «ፀ» የማይለይ ትል የመሰለ ነገር ካየሽ ያ ፎቶ በማሽን እጅ አልፏል። ኦሪጅናሉን ጥቁርና ነጩን ፈልጊ። የምኒልክ ዘመን ከሆነ ካነሱት መካከል ቦያጂያን የሚባሉት አርመኖች አሉበት፣ አባትየው ቤድሮስ በ1890ዎቹ መጨረሻ መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የሆነ ነው፣ ልጆቹም ሙያውን ቀጥለውበታል፣ ቀለም ሳይቀባ እንኳን ዓይን የሚሞላ ፎቶ ነው።

ከአባቴ ጋር መነጋገር አቃተኝ

ጥያቄ፦ አባቴ የድሮ ፎቶ ያወጣና «እዩ ንጽህናዋን! እዩ አስፋልቱን! ዛሬ ከተማ ነው ይሄ?» ይላል። እኔ ደግሞ የኮሪደሩን የማታ ቪዲዮ አወጣለሁ፣ መብራቱን፣ ብስክሌት መንገዱን። እሱ ተቆጥቶ ይነሳል፣ እናቴ «በቃችሁ» ትላለች። ማነው ልክ? ሁለታችንም ፎቶ ይዘን ነው'ኮ የምንከራከረው።

መልስ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት ማስታወቂያ ነው። ተቆጣኸኝ?

አባትህ የያዙት ፖስትካርድ ነው መሰለኝ። ፖስትካርድ አንሺው የት ነው የሚቆመው? በ1953 የተሠራው አፍሪካ አዳራሽ ፊት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት፣ ቸርችል ላይ አዲስ አስፋልት መሃል። ካሜራውን ዘጠና ዲግሪ ወደ ጎን ቢያዞረው ኖሮ ጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ አጥር፣ በአህያ ውሃ የሚያመላልስ ሰው ነበር የሚገባለት፣ እሱን ማን ገዝቶ ለዘመድ ይልካል? አንተ የያዝከው ደግሞ ከድሮን የተነሳ፣ በማታ፣ ሁሉም ኤልኢዲ በርቶ ነው፣ ከመብራቱ ጀርባ ያለው ጨለማ ውስጥ ምን እንዳለ አንተም አታውቅም። ሁለቱን ፎቶ ማወዳደር የሙሽራን ፎቶ ከሌላ ሙሽራ ፎቶ ጋር አወዳድሮ ትዳሩን ለመፍረድ እንደመሞከር ነው። ማወዳደር ከፈለጋችሁ አባትህ ያደጉበትን ቅያስ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሰፈሩን ውሃ ቧንቧ፣ የሰፈሩን ሱቅ።

«ድሮ»ም አንድ ድሮ አይደለም። ሰው «ድሮ አዲስ አበባ ጫካ ነበረች» ሲል እሰማለሁ፣ ግን የትኛው ድሮ? ከተማዋ በ1879 ከተቆረቆረች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የተነሱ ፎቶዎች ላይ ኮረብታው ራቁቱን ነው፣ ድንኳንና ጎጆ ነው የሚታየው፣ ለማገዶና ለቤት ሥራ እንጨቱ አልቆ። ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ከተተከለ በኋላ ነው ከተማዋ ጫካ ውስጥ የገባችው። ያቺን የባሕር ዛፍ ዘመን ፎቶ ያየ ሰው ለዘላለም ጫካ የነበረች ይመስለዋል። መስቀል አደባባይንም ሦስት ፎቶ ደርድረህ እየው፣ አንዱ ባዶ ሜዳ ላይ ደመራ፣ ሁለተኛው «አብዮት አደባባይ» ተብሎ ማርክስና ኤንግልስና ሌኒን ተሰቅለውበት፣ ሦስተኛው በ2013 ታድሶ ስሩ መኪና ማቆሚያ ገብቶለት። አባትህ ከሦስቱ የቱን ነው የሚናፍቁት? ጠይቃቸው፣ መልሱ ላይገርምህ አይችልም፣ ወጣትነታቸውን ነው የሚነግሩህ።

የኔን አቋም ካልከኝ፣ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ሰፊ የእግረኛ መንገድ በማግኘቴ እግዜር ይስጥልን እላለሁ፣ ድሮ ፒያሳ ላይ ለእግረኛ ቦታ አልነበረም፣ ከታክሲ ጋር እየተጋፋን ነበር የምንሄደው። ግን በ2016 የፒያሳ ቤቶች ሲነሱ የእንጨት ሰገነት የነበራቸው፣ የሕንድና የአርመን ግንበኞች እጅ ያረፈባቸው አይነት ቤቶች ናቸው ለኔ የሚያንገበግቡኝ፣ እነሱን እንደ ሸክላ ግንብ መልሶ የሚሠራቸው የለም፣ ያንን ጥርብ የሚያውቅ አናጺ ቀድሞ ሞቷል። ጣይቱ ሆቴል እንኳን በጥር 2007 ያ ሁሉ እሳት በልቶት ዛሬም እንግዳ ይቀበላል፣ ሲፈለግ ይጠገናል ማለት ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም በ2005 ለባቡሩ ተብሎ ተነስቶ በ2008 ቦታው ተመልሷል። (የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንዱ ልጅ የዛን ሦስት ዓመት ፎቶ አግኝቶ «ሐውልቱ ድሮ አልነበረም» ብሎ ሲከራከር ታየኝ።) ያልተመለሰውን ግን ፎቶ አይመልሰውም፣ እዚህ ላይ ከአባትህ ጋር ነኝ።

የሰፈሬ ፎቶ የለኝም

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። አርባ ምናምን ዓመት የኖርኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ሲነሳ ከሰው ጋር አብረን ተበትነን አሁን ጫፍ ላይ ኮንዶሚኒየም ነኝ። የሰው ሰው ድሮና ዘንድሮ እያለ ሲለጥፍ አያለሁ፣ እኔ ግን የቤቴን ፎቶ አላነሳሁም፣ ማን የራሱን አጥር ፎቶ ያነሳል? አሁን በሩ ምን ቀለም እንደነበር ራሱ ከእህቴ ጋር ተከራከርን። እኔ ሰማያዊ፣ እሷ አረንጓዴ። ማወቂያ አለው?

መልስ፦ እማማ፣ በመጀመሪያ ጤና ይስጥልኝ። ፎቶ የለኝም አይበሉ፣ አለዎት፣ ሌላ ሰው ፎቶ ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው።

የልጅ ልጅዎን ይዘው አልበሙን ያውርዱ። የክርስትና፣ የልደት፣ የምርቃት፣ የለቅሶ ሳይቀር። ፊቱን አይዩ። ከፊቱ ጀርባ ይዩ። ልጅ ጋቢ ተጠቅልሎ ደጅ ላይ ሲታቀፍ የተነሳ ፎቶ ውስጥ የበሩ ግማሽ አለ፣ ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል ዩኒፎርሙን ለብሶ የተነሳው ልጅ ጀርባ አጥሩ አለ፣ ቆርቆሮው የት ላይ እንደተቀደደ፣ የመብራት ቆጣሪው የት እንደነበረ። እኔ የእናቴን ደጃፍ ያገኘሁት በአጎቴ ምርቃት ፎቶ ነው፣ ጋዎኑን ለብሶ ቆሟል፣ በትከሻውና በባርኔጣው መሃል ባለች ክፍተት ሚስማር ላይ የተንጠለጠለች ማሰሮ ትታያለች፣ ያቺ ማሰሮ ውስጥ ጤና አዳም ነበር የሚተከለው። ሃያ ዓመት ያንን ፎቶ ሳይ አጎቴን ብቻ ነበር የማየው።

ሁለተኛ የፎቶውን ጀርባ ያንብቡ። «ለማስታወሻ ይሁንልኝ» ከሚለው ስር ቀን ይኖራል፣ የስቱዲዮው ማህተምም ይኖራል። ከአልበሙ ላይ በሙጫ ተጣብቆ ከሆነ በኃይል አይላጡት፣ ከነገጹ ፎቶ ያንሱት፣ መስታወቱ እንዳያብለጨልጭ መስኮት አጠገብ አድርገው በቀን ብርሃን።

ሦስተኛ ዘመድ ጋ ይላኩ። ከካዛንቺስ ወጥቶ አሜሪካም አረብ አገርም የገባው ጎረቤት ሲሄድ ፎቶ ይዞ ነው የሄደው፣ እዚህ ያለው ሲበሰብስ እዛ ያለው ደህና ነው። «የኔን ፎቶ ላክልኝ» አይበሉ፣ «ከኛ ግቢ የተነሳኸውን ሁሉ ላክልኝ» ይበሉ።

የልጅ ልጅዎ ኮምፒውተር ካላት ደግሞ ጎግል ኧርዝ የሚባለውን ትክፈትና ዓመት ወደ ኋላ የሚመልሰውን ትጫን፣ ከሰማይ የተነሳ የቆየ ምስል አለው። የበሩን ቀለም አያሳይም ግን ጣሪያዎን ያሳያል፣ ከመንገዱ ስንተኛ እንደነበሩ፣ ዛፍ ከነበረ ዛፉን። አሁን ካለው ጋር ስታነጻጽረው ሳሎንዎ ዛሬ የመንገዱ የት ጋ እንደዋለ ያውቃሉ። ይሄን ለማየት ልብ ከሌለዎት ይቆይ፣ እኔ የእናቴን ቤት ጣሪያ ፈልጌ ያገኘሁ ቀን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ስለ ካዛንቺስ አንድ ነገር ላክልልዎ፣ ምናልባት ያውቁት ይሆናል። ስሙ ራሱ የጣሊያን ነው፣ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበት ኢንቺስ የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረው፣ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ባለቤቶቹ ሄደው፣ ቤቶቹም ሄደው፣ ስማቸው ግን እኛ አፍ ላይ ቀረ።

የበሩን ቀለም በተመለከተ ከሁሉ በላይ ተስፋ ያለው የሠርግ ቪዲዮ ነው። ከግቢው የሠርግ መኪና የወጣበት ቤት ካለ፣ የእርስዎ ልጅ ወይም የጎረቤት፣ ቪዲዮ አንሺው የግድ በሩ ላይ ቆሟል፣ ሙሽራውን ከመኪናው ሲያወርዱት፣ «አናስገባም ሰርገኛ» ሲባል፣ ያቺ ግፊያ እንዳለች በሩ ላይ ነው የምትካሄደው። አምስት ስድስት ሰከንድም ቢሆን በሩ ሙሉ ለሙሉ በቀለም ይወጣል። ካሴቱን ግን እንደተገኘ ማጫወቻ ውስጥ እንዳይከቱት፣ በትንሿ መስኮቱ አይተው ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካለ ወደ ኮምፒውተር ለሚገለብጥ ባለሙያ መጀመሪያ ያሳዩት፣ ሻጋታ ያለበት ክር ሲሽከረከር ሊበጠስ ይችላል። ከተገኘ ደግሞ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ለኔም ይጻፉልኝ፣ እኔ በእህትዎ በኩል ነው የተወራረድኩት፣ የካዛንቺስን በር ሳስብ አረንጓዴ ነው የሚታየኝ።